ሊብሬቶ ምንድን ነው? ኦፔራን በራስ ለመማር መነሻው

ሊብሬቶ የኦፔራ፣ ማለትም ከመነሻ እስከ መድረሻ በዜማ የሚቀርብ ተውኔት፣ ጽሑፍ ነው። ዘፋኞቹ የሚያዜሙት ግጥም፣ ማን መቼ ገብቶ መቼ እንደሚወጣ፣ መድረኩ ምን እንደሚመስል ሁሉ ተጽፎ የሚገኘው እዚያ ውስጥ ነው። እንደ ጀርመናዊው ዋግነር ግጥሙንም ዜማውንም ራሳቸው የሠሩ ቢኖሩም፣ አብዛኛውን ጊዜ ጸሐፊው ሌላ፣ የዜማው ደራሲ ሌላ ነው።

ደብረ ብርሃን ወይም መሐል ሜዳ ተቀምጦ ኦፔራን ለማወቅ የፈለገ ሰው በእግሩ ሄዶ የሚያየው የኦፔራ ቤት የለውም። ስልኩን ይከፍትና አንድ ዝነኛ ዜማ ይሰማል፤ በድምፁ ይደነቃል፤ ሦስተኛው ላይ ይሰለቻል። አይፈረድበትም። የሚባለውን ሳያውቁ ለሰዓታት መቀመጥ ቅጣት ነው። ስለዚህ የኦፔራን ታሪክ ከ1600 እ.ኤ.አ. ከጣሊያኗ ፍሎረንስ ጀምሮ ከመሸምደድ፣ አንድ ሊብሬቶ ይዞ እሱን መጨረስ ይሻላል ባይ ነኝ።

ለእኛ ሰው ከ«አይዳ» የተሻለ መግቢያ አላውቅም። ዜማው የጣሊያናዊው ጁሴፔ ቨርዲ፣ ሊብሬቶው የአንቶኒዮ ጊስላንዞኒ ነው። አይዳ በግብፅ ባሪያ ሆና የምትኖር የኢትዮጵያ ንጉሥ የአሞናስሮ ልጅ ናት፤ የሚወዳት ራዳሜስ ደግሞ አባቷን ሊወጋ የሚዘምተው የግብፅ ጦር አዛዥ። ኦፔራው ዲሴምበር 24 ቀን 1871 እ.ኤ.አ. ካይሮ ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲታይ ሸዋን ይገዙ የነበሩት ንጉሥ ምኒልክ ናቸው፤ ዐፄ ዮሐንስም ገና ዘውድ አልጫኑም። መድረኩ ላይ ግብፅ ታሸንፋለች። ሥራውን ያዘዘው የግብፅ ገዥ ኬዲቭ እስማኤል ከአራት ዓመት በኋላ እውነተኛ ጦር ሲልክ ግን ጉንደትና ጉራ ላይ የሆነውን እናውቃለን። በመድረኩ ያለችው ኢትዮጵያ እርግጥ የአውሮፓ ምናብ ናት፤ ከመንዝ እስከ መረብ ቢዞሩ አሞናስሮ የሚባል ንጉሥ አይገኝም።

ሊብሬቶ ምን እንደሚሠራ ለማየት የመጀመሪያውን ገቢር ውሰዱ። ሕዝቡ ራዳሜስን «ድል አድርገህ ተመለስ!» እያለ ሲሸኝ አይዳም አብራ ትጮኻለች። ሁሉም ወጥተው ብቻዋን ስትቀር ያለችው ነገር ይከነክናታል፤ ድል የሚደረገው አባቷ ነዋ! ቃሏ ይቆራረጣል፤ ዜማውም ዕረፍት ያጣል። ፍቅሯን ስታስታውስ፣ ኦፔራው ሲከፈት በቫዮሊን የተሰማው ዜማ ተመልሶ ይመጣል። በመጨረሻ አማልክቱን ምሕረት ስትለምን ሁሉም ይረጋጋል። ጽሑፉን ያልያዘ አድማጭ ከዚህ ሁሉ የሚተርፈው ያማረ ጩኸት ብቻ ነው።

እዚሁ ላይ ሬሲታቲቭና አሪያ የሚባሉትን መለየት ይቻላል። ሬሲታቲቭ ለንግግር የቀረበ፣ ታሪኩን ወደፊት የሚገፋ አዘማመር ነው፤ አሪያ አንድ ስሜት ላይ ይቆያል። በእኛ ሠርግ ፎካሪው «ዘራፍ!» ብሎ የማን ልጅ እንደሆነ፣ የት እንደዋለ በጥድፊያ ይናገራል፤ ቀረርቶ ሲነሣ ግን አንዷ ስንኝ ተጎትታ ትዜማለች። ትክክለኛ አቻ ባይሆንም ጆሮን ያዘጋጃል።

አሠራሩ ቀላል ነው። የ«አይዳ» ሊብሬቶ የባለቤትነት መብቱ ዘመን ስላለፈ በነፃ ይገኛል፤ ከጣሊያንኛው ጎን እንግሊዝኛው የሰፈረበትን ምረጡ። ቀረጻው ሌላ ጉዳይ ነው፤ የእሱ መብት የአዘጋጁ ነው። ኔትወርክ ሲገኝ ሁለቱንም አውርዶ ማስቀመጥ ነው። አራት ገቢሮች አሉት፤ ሁሉም ተደምሮ ሁለት ሰዓት ተኩል ያህል ይፈጃል። በሳምንት አንድ ገቢር ይበቃል፤ መጀመሪያ ማንበብ፣ ቀጥሎ እያነበቡ መስማት፣ በሌላ ቀን ጽሑፉን አጥፎ መስማት።

ደብተር ያዙ። ማን እንደሚያዜም፣ የድምፁን ዓይነት፣ በዚያ ትዕይንት ምን እንደሚፈልግ፣ በስንተኛው ደቂቃ እንደሆነ ጻፉ። አይዳ ሶፕራኖ (ከፍተኛው የሴት ድምፅ)፣ የፍቅር ተቀናቃኟ አምኔሪስ ሜዞ ሶፕራኖ (ከሱ ዝቅ ያለ የሴት ድምፅ)፣ ራዳሜስ ቴነር (ከፍ ያለ የወንድ ድምፅ)፣ አሞናስሮ ባሪቶን (መካከለኛ የወንድ ድምፅ) ናቸው። አባትን ባሪቶን ማድረግ የቨርዲ ልማድ ስለሆነ ሌሎች ሥራዎቹ ላይም ታገኙታላችሁ። «ምን ይፈልጋል?» የሚለውን አትዝለሉ፤ ሁለት ሰዎች በአንድ ጊዜ የተለያየ ቃል ሲያዜሙ መንገዱን የሚያሳያችሁ እሱ ነው።

ቀጥሎ የሌላው ጣሊያናዊ የዜማ ደራሲ የማስካኚ «ካቫሌሪያ ሩስቲካና» ይመቻል። በ1890 እ.ኤ.አ. ለመጀመሪያ ጊዜ የታየ፣ ባለ አንድ ገቢር፣ ከአንድ ሰዓት ጥቂት የሚበልጥ ሥራ ነው። ታሪኩ በፋሲካ ዕለት በአንዲት የሲሲሊ መንደር፣ ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ላይ ይፈጸማል፤ ሚስቱ የተነካችበት ባል ለምን ቢላዋ እንዳነሣ ደግሞ ለሰሜን ሸዋ አንባቢ ማስረዳት አያስፈልግም።