የቤት ግብር ከሰፈር ሰፈር፣ ከከተማ ከተማ ለምን ይለያያል?

የጣሪያና ግድግዳ ግብር የሚከፈለው በቤቱ ላይ ነው፤ መሬቱ የመንግሥትና የሕዝብ በመሆኑ ለእርሱ የቦታ ኪራይ ወይም የሊዝ ክፍያ ለብቻው ይከፈላል። በ2017 የጸደቀው የፌዴራል የንብረት ታክስ አዋጅ ለሕንፃ ከ0.1 እስከ 1 በመቶ የሚደርስ ወሰን አስቀምጦ ዝርዝሩን ለክልሎች ሕግ ትቶታል። ግብሩ የንብረቱን ግምት ስለሚከተል፣ ደሴ ፒያሳ አስፋልት ዳር ያለ ቤትና ዳገቱ ላይ የተሠራ አምሳያው በአንድ ምጣኔ ቢሰላባቸው እንኳ እኩል አይከፍሉም። ምጣኔውን ዝቅ የሚያደርግ ከተማ ገንቢዎችን ሊስብ ይችላል፤ ነገር ግን ለጎርፍ መውረጃ ቦይና ለኮብልስቶን መንገድ የሚሆን ገንዘብ ያጥረዋል (የደሴን ክረምት ለሚያውቅ ይህ ቀላል ጉዳይ አይደለም)። በእኔ እይታ ይበልጥ የሚያሳስበው በውርስ ባገኙት የአስፋልት ዳር ቤት ውስጥ በጡረታ አበል የሚተዳደሩ ሰዎች ጉዳይ ነው፤ የቤቱ ግምት ቢያድግም ካልተሸጠ ወይም ካልተከራየ ጭማሪው እጃቸው አይገባም፣ ግብሩ ግን በየዓመቱ በጥሬ ገንዘብ ይጠየቃል።