ሐምራዊ ሪባን ማሰር ቀላል ነው፦ በአድናቂዎች ኮንቬንሽን ላይ ስለሚፈጸም ትንኮሳ

የአድናቂዎች ኮንቬንሽን ማለት የሳይንስ ልብወለድ፣ የኮሚክ፣ የአኒሜ (የጃፓን አኒሜሽን) ወይም የጌም ወዳጆች ሆቴል ወይም አዳራሽ ውስጥ ለጥቂት ቀናት የሚሰባሰቡበት ዝግጅት ነው። አዲስ ነገር አይደለም። የመጀመሪያው ወርልድኮን፣ ማለትም የዓለም የሳይንስ ልብወለድ ኮንቬንሽን፣ ኒው ዮርክ ላይ የተደረገው በ1939 ነው (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። በ1970 የተጀመረው የሳንዲያጎ ኮሚክ ኮን ደግሞ ዛሬ ከመቶ ሺህ በላይ ሰው ይጎርፍበታል።

ትንኮሳውም የቆየ ነው። የሳይንስ ልብወለድ ደራሲው አይዛክ አሲሞቭ ሴቶችን ያለፈቃዳቸው በመነካካት ይታወቅ ነበር። ይሄን እያወቁ የ1962ቱ የቺካጎ ወርልድኮን አዘጋጆች የሴት መቀመጫ ስለመቆንጠጥ የቀልድ ንግግር እንዲያደርግ በደብዳቤ ጋብዘውታል። በ2006 ደራሲ ሃርላን ኤሊሰን በሁጎ (የሳይንስ ልብወለድ) ሽልማት መድረክ ላይ፣ ሕዝብ እያየ፣ የደራሲ ኮኒ ዊሊስን ጡት ነካ። መድረክ ላይ እንዲህ ከሆነ፣ ማታ ሆቴል ክፍል ውስጥ በሚደረገው ፓርቲ ላይ ምን ሊሆን እንደሚችል መገመት አይከብድም።

የችግሩ ሥር አንዱ የአዘጋጆቹ ማንነት ነው። ብዙዎቹ ኮንቬንሽኖች የሚመሩት በበጎ ፈቃደኞች ነው። እነዚህ ሰዎች ለዓመታት አብረው የበሉ የጠጡ ጓደኛሞች ናቸው፤ ስለዚህ አንዲት ሴት አቤት ስትል አቤቱታዋን የሚሰማት ብዙ ጊዜ የተከሳሹ ወዳጅ ነው።

ከአንገት በላይ የሆነው የወንዶች አጋርነት የሚመጣው እዚህ ጋ ነው። በ2008 አንድ ወንድ አድናቂ ሴቶች አረንጓዴ ወይም ቀይ ባጅ እንዲያደርጉ የሚል ሐሳብ አቀረበ። አረንጓዴ ያደረገችውን «ጡትሽን ልንካ?» ብሎ መጠየቅ ይቻላል ማለት ነው። ሰውዬው ነገሩን ያቀረበው እንደ መከባበርና እንደ ግልጽነት ነበር፤ ፈቃድ እየጠየቅን ነው አይደል? ቁጣው ከባድ ስለነበር ሐሳቡ ብዙም ሳይቆይ ተተወ። ሴቶች በምላሹ እርስ በርስ የምንደጋገፍ ነን የሚል እንቅስቃሴ ጀመሩ። ከዚያም «ችግር ከገጠመሽ እኔ ጋ ነይ» የሚል መልእክት ያለው ሐምራዊ ሪባን ባጅ ላይ ማሰር መጣ። ሐሳቡ ደግ ነው። ግን ሪባኑን የሚያስረው ሰው ማን እንደሆነ ያጣራ የለም። ተንኳሹ ራሱ ሊያስረው ይችላል፣ ያውም የተደናገጠች ልጅ ወደ እሱ እንድትመጣ! ይሄን ትችት ያነሱት ሴቶች ፍጹም ትክክል ነበሩ።

ለውጥ ያመጣው በጽሑፍ የሰፈረ ደንብ ነው። በ2011 የተመሠረተው፣ በቴክኖሎጂ ዘርፍ ያሉ ሴቶችን ይደግፍ የነበረው ድርጅት አዳ ኢኒሺዬቲቭ ማንም ወስዶ ሊጠቀምበት የሚችል የፀረ ትንኮሳ ደንብ አሰራጨ። ጥሩ ደንብ «ተከባበሩ» ብሎ አያልፍም። የተከለከለውን ድርጊት በስሙ ይጠራል፣ ለማን ሪፖርት እንደሚደረግ ይናገራል፣ ቅጣቱን ያስቀምጣል።

ደንቡ ብቻውንም አይበቃም። ማሳቹሴትስ ውስጥ የሚካሄደው ሪደርኮን የዕድሜ ልክ እገዳ የሚያዝ ደንብ ነበረው። በ2012 ግን አንድ የታወቀ አድናቂ ሴት በመተንኮስ ጥፋተኛ ሆኖ ሲገኝ ቦርዱ ሁለት ዓመት ብቻ አገደው፤ ምክንያታቸውም ከልቡ ተጸጽቷል የሚል ነበር። የእሱ ጸጸት ከተተነኮሰችው ሴት ደህንነት በለጠ ማለት ነው። ጩኸቱ ሲበረታ የዝግጅቱ ኮሚቴ የቦርዱን ውሳኔ ሽሮ ለዘለቄታው አገደው፣ የቦርዱ አባላትም ሥልጣናቸውን ለቀቁ። ከ1977 ጀምሮ በፌሚኒስትነቱ የሚታወቀው የማዲሰኑ ኮንቬንሽን ዊስኮን እንኳ በ2014 ተመሳሳይ ነገር ገጥሞታል። መጀመሪያ ለጥቂት ዓመታት አግዶ፣ ከተቃውሞ በኋላ ነው ወደ ቋሚ እገዳ የሄደው። ስም ማንንም አይጠብቅም።

ከወንዶቹ ወገን ዋጋ ያስከፈለ ቃል የገባው ደራሲው ጆን ስካልዚ ነው። በ2013 ግልጽ የትንኮሳ ደንብ የሌለው ኮንቬንሽን ላይ በእንግድነት አልገኝም አለ። ከሺህ በላይ ሰዎችም በዚሁ ቃል ሥር ስማቸውን አኖሩ። ይሄ ከሪባን የሚለየው አዘጋጁ የሚያጣው ነገር ስላለ ነው፤ እንግዳ ከቀረ ትኬት አይሸጥም። በ2014 ኒው ዮርክ ኮሚክ ኮን «ኮስፕሌይ (እንደ ገጸ ባሕርይ መልበስ) ፈቃድ አይደለም» የሚሉ ትልልቅ ሰሌዳዎች በር ላይ አቆመ። የልጅቷ ልብስ አጭር ስለሆነ ፎቶ አንስቶ መነካካት አይቻልም ማለት ነው።

ዋሽንግተን ዲሲ አካባቢ ያላችሁ ወላጆች፣ ከ2017 ጀምሮ እዚያው ወደሚካሄደው የአኒሜ ኮንቬንሽን ኦታኮን ልጆቻችሁ ሊሄዱ ይችላሉ። አትከልክሏቸው፣ የሚያምር ነገር ነው። የትኛውም ኮንቬንሽን ቢሆን ግን ደንቡን ቀድማችሁ አንብቡ፤ ሪፖርት የሚቀበለው ማን እንደሆነና ማታ ማታም እንደሚገኝ አረጋግጡ። አጋር ነኝ የምትል ወንድም ደግሞ የሌሊቱን የጥበቃ ፈረቃ ውሰድ፣ ያየኸውን መስክር። ጓደኛህ ሲከሰስ «እሱ እንዲህ አያደርግም» ብለህ ለኮሚቴው አትጻፍ።