ስለ ሐር ትል የሚወራውና እውነታው

የሐር ልማት ለገጠር ሴቶችና ወጣቶች ገቢ ያመጣል ሲባል ሰው ሁለት ቦታ ይከፈላል። ግማሹ «ትል ማርባት ደግሞ ምን የሚሉት ሥራ ነው?» ይላል። ግማሹ በወሩ ሀብታም የሚሆን ይመስለዋል።

«ሐር የቻይና ነው፤ እኛን አያውቀንም»

ያውቀናል እንጂ። በ6ኛው ክፍለ ዘመን የቢዛንታይኑ ንጉሥ ዮስጢንያኖስ ወደ አክሱም መልእክተኛ ልኮ ነበር። ሐሩን ከህንድ ገዝታችሁ ለእኛ ሽጡልን አለ፤ ፋርሶችን ከንግዱ ማስወጣት ፈልጎ ነው። አልሆነለትም። የፋርስ ነጋዴዎች ወደቡ ላይ እየጠበቁ ጭነቱን ጠቅልለው ይገዙት ነበር። ትሉን ራሱን ማርባት ግን ለእኛ አዲስ ነው፤ የመልካሳ ግብርና ምርምር ማዕከል ሲሠራበት ቆይቷል።

«አምልጦ እንደ ተምች ማሳ ይጨርሳል»

አይጨርስም። የቻይናው ትል መልበሪ ከሚባለው የእንጆሪ ዛፍ ቅጠል ሌላ አይበላም። ሲያድግ የሚሆነው የእሳት እራትም ክንፍ እያለው መብረር አይችልም፤ ትሉም ሰው ካልቀለበው ያልቅለታል።

«ሐር የሚገኘው ትሉ ሲገደል ብቻ ነው»

ለመልበሪው ትል በአብዛኛው እውነት ነው። የሚፈትለው ቤት፣ ማለትም ኮኩኑ፣ አንድ ያልተቆረጠ ረጅም ክር ነው። ውስጥ ያለችው የእሳት እራት ቀድዳ ከወጣች ክሩ ይበጣጠሳል፤ ስለዚህ በሙቀት ይገድሏታል። የጉሎ ቅጠል የሚበላው፣ ኤሪ የሚባለው የሐር ትል ግን ሌላ ነው። የኮኩኑ አንድ ጫፍ ክፍት ስለሆነ ነፍሳቷ በሰላም ትወጣለች። ባዶው ቤት በሳሙና ውኃ ይቀቀላል፣ ይደርቃል፣ ከዚያ እንደ ጥጥ ይፈተላል። እንዝርት ለምታውቅ እናት ይህ እንግዳ ሥራ አይደለም። ለአገራችን ይሄኛው ይሻላል የምለውም ለዚህ ነው።

«ቅጠል መጣል ብቻ ነው፤ ምን ሥራ አለው?»

ብዙው ጀማሪ የሚወድቀው እዚህ ላይ ነው። ትሉ ሲፈለፈል ዓይን አይሞላም። አንድ እፍኝ ቅጠል ለብዙ ትል ይተርፋል፤ ጀማሪውም ሥራው ይሄ ከሆነማ ብሎ ይዝናናል። ትሉ አራት ጊዜ ቆዳውን ይቀይራል። ጉዱ የሚመጣው ከአራተኛው በኋላ ነው፤ በዕድሜው ከሚበላው ቅጠል 80 በመቶ ያህሉን የሚበላው ያኔ ነው። አጥር ጥግ የበቀሉ ሁለት ሦስት ጉሎዎች በአንድ ቀን ሙልጭ ይላሉ። ስለዚህ መጀመሪያ ቅጠሉ፣ እንቁላሉ በኋላ።

ሌላም ጣጣ አለ። እርጥብ ቅጠል በሽታ ያመጣል። ፀረ-ተባይ ከተረጨ ማሳ አጠገብ የተለቀመ ቅጠል ቤቱን ሙሉ ይፈጃል። ጉንዳን ደግሞ ሌሊት ነው የሚገባው፤ የመደርደሪያውን እግሮች ውኃ የያዘ ቆርቆሮ ውስጥ ማቆም ነው መላው።

«መመረቱ ነው ዋናው፤ ገዢ አይጠፋም»

ይጠፋል! ኮኩን ቀላል ነው፤ አንድ ማዳበሪያ ሙሉ ተሸክመህ ሚዛኑ ላይ የምታገኘው ትንሽ ነው። አንድ ቤተሰብ ለብቻው ለትራንስፖርት ከፍሎ አያዋጣውም። ጎረቤት ከጎረቤት ሆኖ ማርባት፣ አንድ ቦታ መሰብሰብ፣ ከተቻለም እዚያው ፈትሎ ክሩን መሸጥ ያስፈልጋል። እንደ አዲስ አበባው ሳባሃር የኤሪ ሐር በእጅ የሚያሸምኑ ድርጅቶች አሉ። ኢሲፔ የተባለው የምርምር ተቋምም ከማስተርካርድ ፋውንዴሽን ጋር ወጣቶችን በሐርና በማር ሲያደራጅ ቆይቷል። እንቁላል ከመውሰድህ በፊት ገዢውን ጠይቅ፤ ኤሪ ነው መልበሪ የሚፈልገው? ኮኩን ነው ክር? በኪሎ ስንት?