ምሕረት፣ ይቅርታና የሞት ቅጣት

በጅማ ስለ ሞት ቅጣት ሲወራ፣ ቅጣቱ ከሕግ እንዲወጣ የሚሟገቱ ሰዎች እንኳ ምሕረትንና ይቅርታን አንድ አድርገው ሲናገሩ ይሰማል። በወንጀል ሕጋችን ግን ምሕረት ፍርዱን ከነውጤቱ ሲሰርዝ፣ ይቅርታ የጥፋተኝነቱን መዝገብ ሳይነካ ቅጣቱን ብቻ ያስቀራል ወይም ያቀልላል።

የሞት ፍርድ፣ የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 117 እንደሚደነግገው፣ ርዕሰ ብሔሩ ሳያጸድቀው፣ በምሕረት ወይም በይቅርታ አለመቅረቱ ወይም አለመለወጡም ሳይረጋገጥ አይፈጸምም። ስለዚህ ቅጣቱን የሚቃወም ዜጋ፣ ሕጉ እስኪሻር ሳይጠብቅ፣ ፍርደኛው ይቅርታ እንዲጠይቅ ማገዝ ይችላል። የአገር ሽማግሌ ያወረደው እርቅ (በእኛ አካባቢ ትልቅ ክብር ያለው ነገር ነው) በራሱ ፍርዱን አይሽርም።

ግራ የሚያጋባው የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 28 ነው። በሰው ልጆች ላይ ለተፈጸመ ወንጀል (እንደ ዘር ማጥፋት ላለው) ምሕረትም ይቅርታም ይከለክላል፤ ነገር ግን ርዕሰ ብሔሩ የሞት ፍርዱን ወደ ዕድሜ ልክ እስራት እንዲለውጥ ይፈቅዳል። በ2003 ዓ.ም. የ23 የደርግ ባለሥልጣናት የሞት ፍርድ ወደ ዕድሜ ልክ ሲለወጥ ብዙዎች «ምሕረት ተደረገላቸው» አሉ፤ የተለወጠው ግን ቅጣቱ ብቻ ነበር።