ሄድፎን ስንገዛ የምንሳሳታቸው ነገሮችና እውነታው፦ ከድሬ ሙቀት ጋር

ስራዬ የሰርግ ቪዲዮ ኤዲት ማድረግ ነው። ድሬዳዋ ሳቢያን ሰፈር አንዲት ጠባብ ክፍል ውስጥ በቀን ስድስት ሰባት ሰዓት ሄድፎን ጆሮዬ ላይ ነው፣ ግንቦትና ሰኔ ላይ ድሬን የሚያውቅ ያውቀዋል፣ ቬንትሌተሩ ራሱ ሙቅ አየር ነው የሚያዞረው። እና ምቾት ሲባል ለኔ የቅንጦት ወሬ አይደለም፣ ሄድፎኑ ካልተመቸኝ ስራው አያልቅም። ሰው ሄድፎን ልገዛ ነው ብሎ ሲያማክረኝ ደግሞ ሁሌ ተመሳሳይ ነገር ነው የምሰማው፣ አንዳንዱን እኔም ለዓመታት አምኜበት ነበር። የማወራው ጆሮን ሙሉ ለሙሉ ስለሚሸፍነው ትልቁ ሄድፎን ነው፣ ያውም በአቅማችን ስለሚገዛው።

«ውድ ከሆነ ድምፁም ጥሩ ነው»

እ.ኤ.አ. በ2017 ጄሩን ብሬባርት የሚባል ተመራማሪ የ283 ማዳመጫዎችን የድምፅ ልኬት ከመሸጫ ዋጋቸው ጋር አስተያይቶ ነበር። ባሱን (ወፍራሙን ድምፅ)፣ መሀሉን፣ ትሬብሉን (ቀጭኑን) እንዴት አመጣጥነው እንደሚያወጡ ሲታይ ከዋጋው ጋር የሚያገናኘው ነገር አላገኘም። ውዱ ሁሉ መጥፎ ነው ማለት እኮ አይደለም፣ ውዱ ላይ የተሻለ ብረት፣ የተሻለ ቆዳ፣ ብሉቱዝ፣ ስም፣ ምናምን ይኖራል፣ ብሩ እዚያ ላይ ነው የሚሄደው። ድምፁ ግን ብር እየተከተለ አይጨምርም።

እኛ ጋ ታይዋን ገበያ ገብታችሁ ብታዩ ሰው በሙሉ ትልቅ ስም የተፃፈበትን ነው የሚያነሳው፣ አብዛኛው ኮፒ መሆኑን እያወቀ። ስሙን ሰምቶት የማያውቀውን ደግሞ ሳይነካው ያልፈዋል። ሱፐርለክስ የሚባል ድርጅት አለ፣ አገሩ ታይዋን ነው፣ ገበያው ሳይሆን ደሴቷ። ኤችዲ 681 የሚባለው ሞዴሉ ርካሽ ነው፣ መልኩም አያምርም፣ እኔ ግን አራት ዓመት ሰርቼበታለሁ፣ ትሬብሉ ትንሽ ይጮሃል እንጂ (እሱን ወደታች እመለስበታለሁ) የዘፋኙን ትንፋሽ ሳይቀር ያሰማኛል። ትልቅ ስም የተለጠፈበት ኮፒ ላይ ያንን አንድ ቀን ሰምቼ አላውቅም።

«ከባድ ነው፣ ስለዚህ ኦርጅናል ነው»፣ «50 ሚሊ ሜትር ነው፣ ከ40 ይበልጣል»

ሁለቱንም በአንድ ላይ ልለፋቸው። ሻጩ እጃችሁ ላይ አድርጎ «ክብደቱን እየው» ይላችኋል። ክብደት አንገት ነው የሚጎዳው፣ ስለ ድምፅ የሚነግራችሁ ነገር የለም። ሚሊ ሜትሩ ደግሞ የውስጡ ስፒከር ስፋት ነው፣ የሶኒ ኤምዲአር 7506 እ.ኤ.አ. ከ1991 ጀምሮ ስቱዲዮ ውስጥ የሚሰራበት ሄድፎን ነው፣ ስፒከሩ 40 ሚሊ ሜትር ነው። 50 ተፅፎበት ድምፁ የታፈነ ስንት ሄድፎን አለ መሰላችሁ።

ከቁጥሮቹ ውስጥ የምትፈልጉት አንድ አለ፣ ኦም የሚለው፣ ሄድፎኑ ኤሌክትሪክን ምን ያህል እንደሚቋቋም የሚያሳየው። ከስልክ ጋር ልትሰሩ ከሆነ 32 ወይም 60 አካባቢ የሆነውን ያዙ፣ 250 ወይም 300 የሚለውን ስልክ በቂ ጉልበት ሰጥቶ ላያስጮኸው ይችላል።

«ትልቅ ከሆነ ጆሮ ይሸፍናል»

አይሸፍንም። ፒ 47 የሚባለውን ሁሉም ያውቀዋል፣ ሚሞሪም ሬዲዮም የሚያጫውተው ተጣጣፊው፣ እሱ ጆሮ ላይ ነው የሚቀመጠው፣ ጆሮን ወደ ውስጥ አያስገባም። ግማሽ ሰዓት ምንም አይልም፣ ሁለት ሰዓት ሲሆን ግን ጆሮ መንደድ ይጀምራል። ከመግዛታችሁ በፊት ጆሯችሁን ከላይ እስከ ታች በማስመሪያ ለኩ፣ የብዙ ሰው 6 ሳንቲ ሜትር አካባቢ ነው። ከዛ የስፖንጁን ውስጠኛ ቀዳዳ ለኩ፣ የውጪውን ስፋት አይደለም። ጆሯችሁ ሳይታጠፍ የማይገባ ከሆነ አስቀምጡትና ሌላ እዩ። ጥልቀቱንም እዩ፣ ጆሮ የውስጡን ጨርቅ እየነካ ከሆነ ከሰዓት በኋላ ያማችኋል።

«ይሄ ሄድፎን ባስ የለውም»

አሁን ዋናው ነገር ላይ ደረስን፣ እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ።

ባለፈው አንዲት የሰፈራችን ልጅ አዲስ የገዛችውን ይዛ መጣች፣ ሻጩ አጭበረበረኝ ባስ የሚባል ነገር የለውም ብላ። ሄድፎኑን ሻሿ ላይ ደርባ ነው ያደረገችው። «አንቺ፣ እስኪ ሁለቱንም በእጅሽ ቀስ አድርገሽ ጫን በያቸው» አልኳት፣ ጫነቻቸው፣ ከዛ ዓይኗ ፈጠጠ። ባሱ እዛው ነበር። በስፖንጁና በቆዳዋ መሀል ጨርቁ ቀዳዳ ስለፈጠረ አየሩ እየወጣ ነው። ዝግ ሄድፎን፣ ማለትም ከጀርባው አየር የማያስወጣው፣ ባስ የሚሰጠው በስፒከሩና በጆሮ መሀል ያለችው ትንሽ አየር ታፍና ስትቀር ነው፣ ትንሽ ካፈሰሰች መጀመሪያ የሚሄደው ባሱ ነው፣ መሀሉና ትሬብሉ ይቀራል፣ ከዛ ድምፁ ቆርቆሮ ቆርቆሮ ይላል። መነፅር ያለው ሰውም ላይ ይሄው ነው፣ ዘንጉ ስፖንጁን ከፍ ያደርገዋል። ወፍራም ሹሩባም እንደዛው።

መፍትሄው ሌላ ሄድፎን አይደለም። ሻሽ ወይም ሂጃብ ለምታደርጉ፣ ጆሮ ላይ የሚያርፈው ስስና አንድ ድርብ ቢሆን ሰፊ ለውጥ አለው፣ ወይም ሄድፎኑን ከስር አድርጎ ሻሹን ከላይ መደረብ። መነፅር ካለ ቀጭን ዘንግ ያለው፣ ስፖንጁ ደግሞ ለስላሳና ወፈር ያለ። ገበያ ላይ ስትሞክሩም ይቺን አትርሱ፦ አድርጉት፣ ሙዚቃ ክፈቱ፣ በእጃችሁ ጫን በሉት፣ ባሱ በጣም ከጨመረ ሄድፎኑ ከጭንቅላታችሁ ጋር አልገጠመም ማለት ነው። ምንም ካልተለወጠ ገጥሟል።

«ስፖንጁ ከተላጠ ሄድፎኑ አለቀ»

ይሄን የሚል ሰው ሳይ ከልቤ ነው የማዝነው፣ ምክንያቱም ድሬ ላይ ስንት ደህና ሄድፎን በዚህ ምክንያት ተጥሏል። ያ ጥቁር ነገር ቆዳ አይደለም፣ ጨርቅ ላይ የተቀባ ፕላስቲክ ነው፣ ላብና ቅባትና ሙቀት ሲያገኘው ይፈረካከሳል፣ ከዛ አንገት ላይ ጥቁር ቅርፊት ቅርፊት ይላል። ከውስጥ ያለው ስፒከር ግን ምንም አልሆነም።

አብዛኛው ስፖንጅ ይወልቃል። ጠርዙ ላይ ስስ ከንፈር አለችው፣ ያቺ ከንፈር በጆሮ ሳህኑ ዙሪያ ባለው ስንጥቅ ውስጥ ነው የምትገባው። በጥፍር ከአንድ በኩል ሳብ አድርጎ ማውጣት ነው፣ አዲሱን ሲያስገቡ ደግሞ ከታች ጀምሮ በአሮጌ የሞባይል ካርድ ከንፈሯን እየገፉ መዞር፣ አምስት ደቂቃ ቢፈጅ ነው። በማጣበቂያ የተለጠፈም አለ፣ እሱን ከመግዛት በፊት ማየት ጥሩ ነው፣ እኔ የማይወልቅ ስፖንጅ ያለው ሄድፎን አልገዛም።

ሲቀይሩ የሚረሳ ነገር አለ ግን፦ ስፖንጅ ሲቀየር ድምፅ ይቀየራል። ወፍራሙ ጆሮን ከስፒከሩ ያርቃል፣ ከፋይ ጨርቅ የለበሰው አየር ስለሚያስተላልፍ ይቀዘቅዛል፣ ለኛ ሙቀት ተአምር ነው፣ ግን ዝግ ሄድፎን ላይ ባሱን ይቀንሰዋል። ኤችዲ 681ን የያዘ ሰው ኤኬጂ ኬ 240 ለሚባለው ሌላ ሄድፎን የሚሰራው የከፋይ ስፖንጅ ይገባለታል፣ እኔም እሱን ነው ያደረግኩት፣ ባሱ ትንሽ ቀነሰ፣ ትሬብሉም ረገብ አለ፣ ጆሮዬ ደግሞ በላብ መዋኘት አቆመ።

ሌላኛውን ሄድፎኔን ግን፣ ዝጉን፣ ባሱን ማጣት ስላልፈለግኩ ስፖንጁን አልቀየርኩም፣ አለበስኩት። ለስራ ሐረር ሄጄ ነበር፣ ደንገጎን ወጥቼ፣ ጁገል ስገባ መኪና ግርግር ጋ አለፍኩ፣ የስፌት መኪናው ድምፅ ስም ያወጣለት ያ የልብስ ሰፊዎች መንገድ። አንዱን አዛውንት ሰፊ ሄድፎኑን አሳየኋቸውና ለዚህች ክዳን ይሰፋሉ ወይ ስላቸው አገላብጠው አዩትና «አንተ፣ ይሄ እኮ የሕፃን ኮፍያ ነው» አሉኝ። ስስ የጥጥ ቲሸርት ጨርቅ፣ ዙሪያው ላይ ላስቲክ፣ መሀሉ ክፍት፣ ምክንያቱም ስፒከሩን ጨርቅ ከሸፈነው ድምፁ ይደበዝዛል አልኳቸው፣ ገባቸው። ሁለት ጥንድ ሰፉልኝ፣ አንዱን ሳጥብ አንዱን አደርጋለሁ። ጨርቁ ስስ ስለሆነ ባሱ ለጆሮ የሚታወቅ ያህል አልቀነሰም፣ ላቡን ጥጡ ይጠጣዋል፣ ስፖንጁ ይኸው ሁለተኛ ሰኔውን ሳይላጥ ሊያልፍ ነው። ድሬም ከተማ ውስጥ ልብስ ሰፊ ሞልቷል፣ ለዚህ ሐረር መሄድ አያስፈልግም።

«ጭንቅላት የሚያጨንቅ ሄድፎን ከጊዜ ጋር ይለምዳል»

ራሱ አይለምድም፣ ወይም በጣም ቆይቶ ነው፣ እስከዛ መንጋጋ ይታመማል። ማታ ስትተኙ ከጭንቅላታችሁ ትንሽ ሰፋ በሚል የመፅሐፍ ክምር ወይም የጫማ ካርቶን ላይ ወጥራችሁ አሳድሩት፣ ጠዋት ሞክሩት፣ ካልበቃ ድገሙት። ቅስቱ ውስጥ ብረት ካለው በእጅም ቀስ ብሎ መክፈት ይቻላል። ሙሉ ፕላስቲክ ከሆነ በእጅ አትሞክሩት፣ ይሰበራል። አታብዙትም፣ በጣም ከላላ አየሩ ይወጣና ባሱን ታጣላችሁ፣ ከላይ ያወራነው ነገር ይመለሳል።

«መቶ ሰዓት ከተጫወተ ድምፁ ይበስላል»

ትሬብሉ የሚጮህ ሄድፎን ይዘው ሌሊቱን ሙሉ ሙዚቃ ከፍተውበት የሚያድሩ አሉ። በሳምንት ውስጥ የሚለወጠው በዋናነት ሁለት ነገር ነው፣ ስፖንጁ በሙቀትና በጭነት ይለሰልሳል፣ የናንተ ጆሮ ደግሞ ይለምደዋል። የሚጮኸውን ድምፅ ለማስተካከል ሰዓት መቁጠር አያስፈልግም።

አንደኛው መንገድ ሶፍት ነው፣ አዎ፣ የእጅ መጥረጊያው ሶፍት። ስፖንጁን አውጥታችሁ አንድ ድርብ ብቻ፣ ሁለቱን ለያይታችሁ አንዷን፣ በስፒከሩ ክብ ልክ ቆርጣችሁ ከፊቱ ታስቀምጣላችሁ፣ ስፖንጁ ራሱ ይይዘዋል፣ ማስቲሽ የለም ምንም የለም። ትሬብሉን ትንሽ ይውጠዋል። ኤችዲ 681 ላይ በጣም ይሰራል። ካልወደዳችሁት ታወጡታላችሁ፣ የተበላሸ ነገር የለም።

ሁለተኛው ኢኳላይዘር ነው፣ ባሱንና ትሬብሉን ለየብቻ ከፍና ዝቅ የሚያደርገው አፕ፣ እዚህ ላይ ደግሞ ሁሉም ሰው መጨመር ብቻ ነው የሚያውቀው፣ ባስ ጨምር ትሬብል ጨምር። መቀነስ ይሻላል። የሚጮኸውን ቦታ ፈልጉና፣ ብዙ ጊዜ ከ6 እስከ 10 ኪሎ ኸርዝ መሀል ነው፣ 3 ወይም 4 ዴሲቤል አውርዱት፣ ባሱ ያኔ በራሱ የጨመረ ይመስላችኋል። የግድ ባስ እጨምራለሁ ካላችሁ፣ 5 ዴሲቤል ከጨመራችሁ ፕሪአምፕ የሚለውን፣ ጠቅላላውን ድምፅ የሚቆጣጠረውን፣ 5 ዝቅ አድርጉት፣ አለበለዚያ ድምፁ ይሰነጠቃል፣ ከዛ ስፒከሩ ተቃጠለ ትላላችሁ። አንድሮይድ ላይ ዌቭሌት የሚባል አፕ አለ፣ በሺህ ለሚቆጠሩ ሞዴሎች የተሰራ ማስተካከያ ውስጡ አለው፣ የሄድፎናችሁን ስም መፈለግ ብቻ ነው። ዊንዶውስ ኮምፒውተር ላይ ኢኳላይዘር ኤፒኦ በነፃ ነው፣ እኔ የምሰራው በእሱ ነው።

«ኖይዝ ካንስሊንግ ካለው ምንም አይሰማም»

ኖይዝ ካንስሊንግ ማለት ሄድፎኑ የውጭውን ጫጫታ ራሱ ሲያጠፋ ነው፣ የሚያጠፋው ግን በዋናነት የማያቋርጠውን ዝቅ ያለ ጉምጉምታ ነው፣ የቬንትሌተር፣ የጄኔሬተር፣ የአውቶቡስ ሞተር። ባለ ባጃጁ ጥሩምባ ሲነፋ ወይም ጎረቤት ሲጣራ ትሰማላችሁ። ቬንትሌተር ስር ለሚሰራ እንደኔ ዓይነት ሰው ግን ጥቅሙ ትልቅ ነው፣ ድምፁን ከፍ ማድረግ አያስፈልገኝም። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ የሚያስቀምጠው ልክ በሳምንት 40 ሰዓት በ80 ዴሲቤል ነው፣ እኔ በሳምንት ከ40 በላይ ስለማዳምጥ ከዛ በታች ነው መሆን ያለብኝ። ቪዲዮ ለምትሰሩ ግን ብሉቱዙን አጥፍታችሁ በገመድ ስሩ፣ ብሉቱዝ ድምፁን ስለሚያዘገየው ከበሮው ሲመታና እጁ ሲወርድ አይገናኙም።

«ዘፋኙ ጠፋ፣ ስፒከሩ ተቃጥሏል»

ይሄ በጣም የሚገርም ብልሽት ነው፣ ሙዚቃው አለ፣ ከበሮው ከሩቅ ይሰማል፣ ዘፋኙ ግን የለም ወይም ከጉድጓድ ውስጥ ነው የሚዘፍነው። ብዙ ሰው እዚህ ጋ ይጥለዋል። ስፒከር ሲቃጠል እንዲህ አይሆንም። የሁለቱም ጆሮ የጋራ የሆነችው የግራውንድ ሽቦ ነች የተበጠሰችው፣ እሷ ስትበጠስ ሁለቱ ስፒከሮች የሚያጫውቱት በግራና በቀኝ መሀል ያለውን ልዩነት ብቻ ነው፣ ዘፋኙ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ መሀል ላይ ስለሚቀመጥ በሁለቱም እኩል ነው፣ ልዩነት ስለሌለው ይጠፋል።

መጀመሪያ ጃኩን እስከ መጨረሻው ግፉት፣ የስልክ ከቨር ወፍሮ ሳይገባ ቀርቶም ተመሳሳይ ነገር ያመጣል። ካልሆነ ገመዱን ጃኩ ስር ይዛችሁ ወዲህ ወዲያ አጠፍ አጠፍ አድርጉት፣ ዘፋኙ ብቅ ጥልቅ ካለ የተበጠሰው እዛው ነው። ሞባይል ጠጋኝ ጋ ወስዳችሁ አዲስ ጃክ አስበይዱ፣ አንድ ነገር ብቻ ንገሩት፣ ሽቦዎቹ ቀለም የተቀቡ ናቸው፣ ቀለሙ በእሳት ወይም በምላጭ ካልተነሳ መበየጃው ሊድ አይዝም። እኔ ይሄን ሳልነግረው ያሰራሁት አንድ ጊዜ በሦስተኛው ቀን ለቀቀ፣ ተፍቆ የተበየደው እስካሁን አለ።