የሙዚቀኞች የሙያ ሕመም፦ አጠቃላይ ዳሰሳ

የሙዚቀኞች የሙያ ሕመም የሚባለው መሣሪያ በመጫወት፣ በመዝፈን ወይም በመድረክ ላይ በመጨፈር ምክንያት በጡንቻ፣ በጅማት፣ በነርቭ፣ በጆሮና በድምፅ አውታር ላይ የሚደርስ ጉዳት ነው። አብዛኛውን ጊዜ የሚመጣው በድንገተኛ አደጋ ሳይሆን ያንኑ ረቂቅ እንቅስቃሴ ዓመታት ሙሉ ከመደጋገም ስለሆነ ዘግይቶ ይታወቃል። ሙዚቀኛው የእጁን መዛል የልምምድ ማነስ አድርጎ ይቆጥረውና ማረፍ በሚገባው ሰዓት ልምምዱን ያበዛል፤ ቀላሉን ሕመም ከባድ የሚያደርገው በአብዛኛው ይኸው ትጋት ነው።

ጣሊያናዊው ሐኪም በርናርዲኖ ራማዚኒ እ.ኤ.አ. በ1700 ስለ ሠራተኞች በሽታዎች ባሳተመው ሥራ ዘፋኞችን ሳይዘነጋ ጽፏል። ጀርመናዊው ሮበርት ሹማን በ1830ዎቹ መጀመሪያ የቀኝ እጁ ጣት አልታዘዝ ብሎት የፒያኖ ተጫዋችነት ሕልሙን ትቶ ወደ ድርሰት አዘንብሏል። ምክንያቱ ጣት ማጠንከሪያ መሣሪያ ነው የሚሉ አሉ፤ የነርቭ ሕመም ወይም የመድኃኒት መመረዝ ሊሆን ይችላል የሚሉም አሉ። በ1926 ሐኪምም ሙዚቀኛም የነበረው ኩርት ዚንገር በበርሊን ስለ ሙዚቀኞች የሙያ በሽታዎች መጽሐፍ አሳተመ።

የሙዚቀኞች ሕክምና ራሱን የቻለ ዘርፍ ሆኖ የቆመው ግን ሁለት ታላላቅ አሜሪካውያን የፒያኖ ተጫዋቾች ሕመማቸውን ሳይደብቁ በመናገራቸው ነው። ሊዮን ፍላይሸር በ1960ዎቹ አጋማሽ፣ ዝናው ጫፍ በደረሰበት ወቅት፣ የቀኝ እጁ የቀለበት ጣትና ትንሿ ጣት ወደ መዳፉ እየታጠፉ አስቸገሩት። ሕመሙ ፎካል ዲስቶኒያ ይባላል፤ አንጎል ለየጣቱ ለይቶ የሚልከው ትእዛዝ እርስ በርሱ ስለሚምታታ እጁ በሌላ ሥራ ጤነኛ ሆኖ ሳለ በመሣሪያው ላይ ብቻ ያምፃል። ፍላይሸር ለሠላሳ ዓመታት ያህል ለግራ እጅ ብቻ የተደረሱ ሥራዎችን እየተጫወተ፣ እያስተማረና ኦርኬስትራ እየመራ ቆየ፤ በኋላም ጡንቻን በሚያላላ የቦቱሊነም መርፌና በጥልቅ እሽት ታግዞ በሁለት እጁ ወደ መድረክ ተመልሷል። በ1979 ተመሳሳይ ችግር የገጠመው ጌሪ ግራፍማን በቦስተን በሚገኘው የማሳቹሴትስ ጠቅላላ ሆስፒታል ታከመ፤ ታሪኩ በ1981 በጋዜጣ ሲወጣ ዝም ብለው የኖሩ በርካታ ሙዚቀኞች ሐኪሞችን መፈለግ ጀመሩ። በ1983 በአስፐን፣ ኮሎራዶ የሙዚቀኞችን ሕመም የሚመለከት የሕክምና ጉባኤ ተካሄደ፤ በ1984 በብሪታንያ፣ በ1989 በአሜሪካ የዘርፉ ማኅበራት ተቋቋሙ። በ1986 በአሜሪካ ኦርኬስትራዎች በተደረገ ጥናት መልስ ከሰጡት 2,212 ሙዚቀኞች 82 በመቶው የጤና ችግር እንዳጋጠማቸው፣ 76 በመቶው ደግሞ አጨዋወታቸውን የሚያውክ ከባድ ችግር እንደነበረባቸው ገልጸዋል። የሙዚቀኞችን ቅሬታ እንደ ስንፍና ይቆጥር የነበረውን አስተሳሰብ ያናወጠው ይህ ቁጥር ነው።

ያረፈ ጡንቻ ያገግማል፤ በጩኸት የሞቱ የውስጥ ጆሮ ሴሎች ግን አይተኩም። በተለመደው መለኪያ 85 ዴሲቤል ለስምንት ሰዓት የሚፈቀድ ሲሆን ድምፁ በ3 ዴሲቤል በጨመረ ቁጥር የሚፈቀደው ጊዜ በግማሽ ይቀንሳል፤ ስለዚህ በ94 ዴሲቤል የሚቆየው አንድ ሰዓት ብቻ ነው። በለንደን ሮያል ኦፔራ ሐውስ በ2012 በተደረገ ልምምድ ከብራስ (እንደ ትራምፔት ያሉ የናስ መሣሪያዎች) ነፊዎች በቀጥታ ፊት፣ እነሱን ከኋላው አድርጎ ተቀምጦ ጆሮው የተጎዳ የቪዮላ ተጫዋች በ2018 ፍርድ ቤት አሸንፏል፤ ውሳኔው በቀጣዩ ዓመት በይግባኝም ጸንቷል። «አኩስቲክ ሾክ» (ከፍተኛ ድምፅ በጆሮ ላይ የሚያደርሰው ድንገተኛ ጉዳት) የተባለው የሕመሙ ስያሜ በሐኪሞች ዘንድ ምናልባት አሁንም ያከራክራል፤ አሠሪው የሙዚቀኛውን ጆሮ የመጠበቅ ግዴታ እንዳለበት ግን ፍርዱ በግልጽ አስቀምጧል።

መከላከያው ውድ ነገር አይጠይቅም። ከጨዋታ በፊት ሰውነትን ማሟሟቅ፣ ረጅሙን ልምምድ በአጫጭር ዕረፍቶች መከፋፈል፣ ከኮንሰርት በፊት የልምምድ ሰዓትን በድንገት አለማብዛት፣ ለሙዚቃ የተሠራ የጆሮ መድፈኛ መጠቀም ዋናዎቹ ናቸው። ዘፋኝ ሲጎረንን ድምፁን ያሳርፋል፤ ማንሾካሾክም አይመከርም።

በአገራችን መሣሪያዎችም ይኸው ይሠራል። የማሲንቆ ተጫዋች አውታሩን እንጨት ላይ ሳይጫን በግራ እጁ ጣቶች እየነካ ስለሚጫወት ጣቶቹና አንጓው ዕረፍት ይሻሉ፤ የእስክስታ ጨፋሪም ትከሻና አንገቱን ሳያሟሙቅ መጀመር የለበትም። በቤተ ክርስቲያን ደግሞ ሌሊቱን በሚዘልቀው ማኅሌት መቋሚያ ከሊቃውንቱ ወገብና እግር ላይ ክብደቱን ተካፍሎ ይይዛል፤ ዝማሜ ሲደርስም ያው መቋሚያ ከዜማው ጋር ይወዛወዛል።