መጠጊያ ቲያትር ምንድን ነው?

ወሎ ውስጥ መንገድ ላይ የመሸበት ሰው ደጅ ላይ ቆሞ «የመሸብኝ የእግዜር እንግዳ ነኝ» ይላል። ከውስጥ «ቤት የእግዜር ነው፣ ግባ» ይሉታል። ከየት መጣህ፣ ምን ገጠመህ የሚለው ጥያቄ የሚመጣው እግሩን ታጥቦ እህል ከቀመሰ በኋላ ነው። ይህን ልማድ ቲያትር ቤት በር ላይ አድርጋችሁ አስቡት። «መጠጊያ ቲያትር» የሚባለው ነገር ግማሹ እሱ ነው።

ሐሳቡ በስም የታወቀው እንግሊዝ አገር ነው። እ.ኤ.አ. በ2005 ሸፊልድ ውስጥ፣ ከተሞች ለስደተኛ መጠጊያ ይሁኑ የሚል እንቅስቃሴ ተጀመረ። እያደር ትምህርት ቤቶችና ዩኒቨርሲቲዎችም ገቡበት። እ.ኤ.አ. በ2014 ደግሞ ሊድስ የሚገኘው፣ ዛሬ ሊድስ ፕሌይሃውስ የሚባለው ቤት በአገሩ የመጀመሪያው መጠጊያ ቲያትር ሆነ። ስሙ እንዲሁ አይታደልም። ቤቱ ስለ ስደት መማር፣ አቀባበሉን የዘወትር ሥራው ማድረግ፣ ያወቀውንም ለሌላው ማካፈል አለበት።

በተግባር ሲታይ ዋናው ሥራ ያለው ከመድረኩ ውጭ ነው። እንግሊዝ ውስጥ ጥገኝነት ጠያቂ ጉዳዩ እስኪወሰን ድረስ በአብዛኛው መሥራት አይፈቀድለትም። የሚኖረው መንግሥት በየሳምንቱ በሚሰጠው ትንሽ ገንዘብ ነው። ነጻ ቲኬት ብትሰጡት የአውቶቡስ ከሌለው ቲኬቱ ኪሱ ውስጥ ይቀራል። ስለዚህ የትራንስፖርት ይታሰብለታል። በር ላይ ወረቀት አይጠየቅም። ትርኢት በሌለበት ሰዓትም አዳራሹ መግቢያ ላይ ሻይ ቡና ይኖራል፤ ቋንቋ የሚለማመድ ይለማመዳል፣ ዝም ብሎ መቀመጥ የፈለገም ይቀመጣል። የተኩስ ድምፅ ያለበት ትዕይንት ካለ አስቀድሞ ይነገራል። ይሄ ለምን እንደሚያስፈልግ ለወሎ ሰው ማስረዳት ያለብኝ አይመስለኝም።

አንድ ነገር ግን እንለይ። ድንበር ተሻግሮ ከለላ የጠየቀና መልስ የሚጠብቅ ሰው ጥገኝነት ጠያቂ ነው። ስደተኛነቱ ሲታወቅለት ስደተኛ ይባላል። አገሩ ውስጥ ሆኖ ከቀዬው የተነቀለው ደግሞ ተፈናቃይ ነው። በሕግ ይለያያሉ። የእኛ አገር የስደተኞች አዋጅ ቁጥር 1110/2011 ስለመጀመሪያዎቹ ሁለቱ እንጂ ስለ ተፈናቃይ አይደለም። ለቲያትር ቤት በር ግን ልዩነቱ ያን ያህል አይደለም። ወሎ ደግሞ ሁሉንም ያውቃል፤ በባቲ በኩል ወደ ጅቡቲና የመን የወጣ ልጅ የሌለው ሰፈር ማግኘት ይከብዳል። በእኛ አቆጣጠር በ2013 ክረምት ጦርነቱን ፈርቶ ከቆቦና ከወልድያ የሸሸ ሰው ደሴ ትምህርት ቤቶች ውስጥ አደረ። ጥቅምት 2014 ላይ ደግሞ የደሴ ሰው ራሱ ጓዙን ጠቅልሎ ወጣ። አስተናጋጁ እንግዳ ለመሆን ሁለት ወር ከምናምን ብቻ ነው የፈጀበት።

ቲያትር ቤቶች በብዛት የሚስቱት እዚህ ላይ ነው፦ ስደተኛውን የሚፈልጉት ለመከራው ነው። መድረክ ላይ ውጣ፣ የደረሰብህን ተናገር ይሉታል። ከዚያ ይጨበጨባል፣ ይለቀሳል፣ ሁሉም ወደ ቤቱ ይሄዳል። እሱስ? ደግ መጠጊያ ታሪክ አያስገድድም። ከተናገረም በስሙ ይሁን ያለ ስሙ ራሱ ይወስናል፣ ሐሳቡን ቢቀይርም ይከበርለታል። ደግሞም ሰውዬው አናጺ ሊሆን ይችላል፣ መብራት የሚያውቅ፣ ልብስ ሰፊ። ቲያትር ይሄን ሁሉ ሙያ ይፈልጋል። ወይ ደግሞ ኮሜዲ መሥራት ያምረዋል። ስደተኛ ቀልድ አይችልም ያለው ማነው?

እኔ ራሴ ደሴ ውስጥ አንድ አዳራሽ ለተፈናቃዮች በተዘጋጀ ፕሮግራም ላይ ነበርኩ። የመድረክ መሪው አንዲት እናት ጠርቶ ማይኩን አስያዛቸው። «እስቲ የሆኑትን ይንገሩን» አላቸው። እሳቸው ማይኩን አዩት፣ ነጠላቸውን አስተካከሉ፣ ዝም አሉ። ዝምታው ሲረዝም አጨበጨብንላቸው። አሁን ሳስበው ያሳፍረኛል።

በኋላ በረንዳው ላይ ቡና ጀባ ሲባል አጠገቤ ተቀመጡ። ውስጥ የባህል ቡድኑ ለቀጣዩ ክፍል ከበሮ ይሞክራል። ጆሯቸውን ጣል አድርገው ቆዩና፣

«ልጄ፣ ምቱን አፈጠኑት እኮ» አሉኝ።

ከበሮ ይመታሉ እንዴ ብዬ ጠየቅኳቸው። ስኒውን አስቀምጠው ጉልበታቸው ላይ በመዳፋቸው አሳዩኝ፤ ቀስ ብለው፣ ደጋግመው፣ እኔ እስክይዘው ድረስ።